ነጥብ ብቻ አትቁጠሩ፦ ተጫዋች እንዴት ይመዘናል?

ጅማ ላይ ኤንቢኤ (የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ ሊግ) ማየት ማለት ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ መብራት እንዳይጠፋ መጸለይ ነው። ጠዋት ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ስንገናኝ ደግሞ ጭቅጭቁ ያው ነው። «እሱ 30 አግብቶ ለምን ያስወጡታል?» ቆይ፣ በስንት ሙከራ?

መጀመሪያ እሱን እዩ። 10 ሞክሮ 4 ባለ ሦስት ነጥብ ያገባ ሰው 12 ነጥብ አለው። በዚያው 10 ሙከራ 5 ባለ ሁለት ያገባው ግን 10 ብቻ፣ መቶኛው ቢያምርም።

ቀጥሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ልጁ ሲገባ ውጤቱን ጻፉ፣ ሲወጣም እንደዚያው። 48 ለ 45 እየመሩ ገብቶ 60 ለ 62 እየተመሩ ከወጣ፣ እሱ ሜዳ ላይ እያለ ቡድኑ በ5 ተበልጧል። ፕላስ ማይነስ የሚሉት ይሄው ነው። በአንድ ጨዋታ ግን አትፍረዱ፤ ከአራት ጎበዞች ጋር የቆመ ሁሉ ጎበዝ ይመስላል።

እኔ የምወደው ግን ሌላ ነው። ኳሱን ተዉትና አንድ ሰው ብቻ ለአምስት ደቂቃ ተከተሉ። ኳስ ሲነጠቅ ሮጦ ይመለሳል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ይሟገታል?

አሰላለፍ ላይ ደግሞ ቁመት አያታልላችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ፍጻሜ ክሊቭላንድ ጎልደን ስቴትን በጨዋታ 2 ለ 1 ሲመራ፣ የጎልደን ስቴት አሰልጣኝ ስቲቭ ከር ረጅሙን ቦጉትን አስቀምጦ ኢጉዳላን አሰለፈ። ቀጣዮቹን ሦስቱንም አሸነፉ፣ ኢጉዳላም የፍጻሜው ኮከብ ሆነ። እኛ ሰፈር ግን ረጅም ልጅ ከመጣ፣ ማቀበል ነው የሚችለው ብትል ማን ይሰማሃል፣ በቃ ቅርጫት ስር ይተከላል።