አዲስ የጭነት መኪና ሹፌር ጎንደር ላይ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሹፌር ከመሆኔ በፊት ረዳት ነበርኩ። ጎማ ስፈታ፣ ሸራ ስወጥር፣ ከኋላ ቆሜ «ና! ና!» ስል አራት ዓመት ቆየሁ። መንጃ ፈቃዴን ይዤ መሪው ላይ ስቀመጥ ሁሉን ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። እስከመጀመሪያው ጠባብ መንገድ ድረስ።

አስፋልት ላይ መንዳት ቶሎ ይለመዳል። ጉዱ የሚመጣው «ሰፈር ውስጥ ገብተህ አራግፍ» ስትባል ነው። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1628 ዓ.ም. ግድም፣ በአፄ ፋሲል፣ በፈረስና በበቅሎ ዘመን ነው። ፒያሳን የሠራው ጣሊያንም ስለ ሲኖትራክ አላሰበም። ስለዚህ የሚከተሉትን ስህተቶች እዚህ ከተማ ላይ ብትሠራቸው ይቅር የሚልህ ግድግዳ የለም። አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ሳይወርዱ መግባት

ኤፍኤስአር በሚባለው የኢሱዙ ጭነት መኪና ላይ 80 ኩንታል ሲሚንቶ ጭኜ ቀበሌ 18 አካባቢ አንድ ግቢ ላደርስ ሄድኩ። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ግራና ቀኙ የውሃ ቦይ። ወደ ኋላ መግባት አለብኝ። ገና ስቆም ሰው ተሰበሰበ። ልጆች፣ የሱቅ ባለቤቶች፣ ከቡና የተነሡ እናቶች ሳይቀሩ። ወርጄ ልየው አልኩና አፈርኩ። «ይሄ ጀማሪ ነው» የሚሉኝ መሰለኝ። በአንድ ጊዜ ልግባና ልገላገል ብዬ የኋላ ማርሽ አስገባሁ።

የኋላው ቀኝ ጎማ የቦዩ ክዳን ላይ ወጣ። ክዳኑ ለሰው እግር እንጂ ለመኪና የተሠራ አይደለም። «ጧ!» አለ። መኪናው እንደ ሰከረ ሰው ወደ ቀኝ ዘመመ። 160 ከረጢት ሲሚንቶ በሰው ትከሻ ወረደ፣ ክሪክ ተለመነ፣ ድንጋይ ተለቀመ፣ የወዛደሩ ሒሳብ ከኔ ኪስ ወጣ። ከምሳ በኋላ ነው የወጣሁት። አንድ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ በዘንጋቸው ተደግፈው ሲያዩኝ ቆይተው «አንተ ልጅ፣ ምን ሁነህ ነው? ወርደህ ብታየው እግርህ ይቆረጥ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የጠባብ መንገድ አደጋ ብዙውን ጊዜ ችሎታ ከማነስ አይመጣም። ከይሉኝታ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ውረድ፣ በእግርህ ሂድበት። መሬቱን እይ፦ የቦይ ክዳን፣ አዲስ የተቆፈረና በአፈር የተሸፈነ ጉድጓድ፣ ሾል ያለ ድንጋይ። ጎኑን እይ፦ የመብራት ምሰሶ፣ ወደ መንገድ የወጣ የሱቅ ቆርቆሮ። ወደ ላይ እይ፦ ሽቦ። ከባድ መኪና ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ግድም ነው፣ ስፖኪዮው ሳይቆጠር። ሦስት ሰፋፊ እርምጃ የማታገኝበት ቦታ ከሆነ አትድፈር። መግባቱን ከማሰብህ በፊት ደግሞ መውጫህን ፈልግ። ገብቶ መውጣት ያቃተው ስንት መኪና አለ መሰለህ!

ሁሉንም መስማት

ወደ ኋላ ስትሄድ መንደሩ ሁሉ ሹፌር ይሆናል። አንዱ «ቁረጥ!» (መሪውን አዙር) ይላል፣ ሌላው «መልስ!»፣ ሦስተኛው መኪናውን በጥፊ እየመታ «ና! ና! ና!» ይላል። የሚረዱህ መስሏቸው ነው፣ አትቆጣቸው። ግን አትስማቸው። የምትሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ረዳትህን። እሱ ከስፖኪዮህ ውስጥ ከጠፋ ወዲያው ቁም። «በቃ» ሲልም ቁም፣ ለምን እንዳለ በኋላ ትጠይቀዋለህ።

ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ። ረዳቱ ከፊትህ ፊቱን ወዳንተ አዙሮ ሲቆም የሱ ቀኝ ያንተ ግራ ነው። «ወደ ቀኝ ቁረጥ» ሲል የማንን ቀኝ ነው? እኛ ቀኝና ግራ ማለት ትተናል። «ወደ ሹፌር»፣ «ወደ ረዳት» ነው የምንለው። የጋቢናው በር አይገለባበጥማ።

ቀኝ ኩርባን እንደ ቤት መኪና መታጠፍ

የፊት ጎማ የሄደበትን የኋላው አይከተልም። ወደ ውስጥ ቆርጦ ነው የሚያልፈው። መኪናው በረዘመ ቁጥር የሚቆርጠውም ይጨምራል። ተሳቢ ካለህ ደግሞ ይብሳል። አዲስ ሹፌር አፍንጫው ማዕዘኑን እንዳለፈ መሪውን ይጠመዝዛል፣ ከዚያ የኋላው ጎማ የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል። ወይም ምሰሶ ያቅፋል።

ቀስ ብለህ ቀጥ ብለህ ግባ። ትከሻህ ማዕዘኑን አልፎ ገባ እስኪል መሪውን አትንካ። ከዚያ በደንብ ቁረጥ፣ ዓይንህ ከቀኝ ስፖኪዮ አይነሣ። ጎማውና ማዕዘኑ መካከል ብርሃን እስካየህ ድረስ ሰላም ነህ። ብርሃኑ ከጠበበ ቁም፣ ትንሽ ተመለስ፣ እንደገና ያዝ። ሁለቴ መመለስ ነውር አይደለም።

ችግሩ ባጃጅ ነው። ለመታጠፍ ወደ ግራ ሰፋ ስትል በቀኝህ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ባጃጅ ደግሞ ክፍት ቦታ ሲያይ አያስችለውም፣ ሽው ብሎ ይገባል። አንተ መሪው ግራ ነው ያለኸው፣ የቀኝ ጎንህ ታች አይታይህም። ስለዚህ ፍሬቻውን ቀደም አድርገህ አብራ፣ መስፋት ካለብህ የኋላህን ወደ ቀኝ አስጠግተህ አፍንጫህን ብቻ አውጣ። ረዳትህም በመስኮት አንገቱን ያውጣ። ፒያሳ ላይ በዚህ ጉዳይ ከባጃጅ ልጆች ጋር ያልተሰዳደበ ሹፌር አላውቅም።

በዚያው አፍ የጅራቱንም ነገር ላንሣው። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ከኋላ ጎማ ወዲያ የተረፈው የካሶኒ (የጭነት ሳጥኑ) ጫፍ ወደ ግራ ይወረወራል። ግድግዳ ጥግ ቆመህ ሙሉ ቆርጠህ ከተነሣህ ፊትህ ነጻ ሆኖ ኋላህ ይገጫል። መጀመሪያ ትንሽ ቀጥ ብለህ ተላቀቅ።

በማይታይህ ጎን ወደ ኋላ መግባት

ምርጫ ካለህ ሁልጊዜ በሹፌር በኩል ወደ ኋላ ግባ። በመስኮት አንገትህን አውጥተህ የኋላ ጎማህን ታየዋለህ። በረዳት በኩል ከገባህ ግን ያለህ ስፖኪዮ ብቻ ነው፣ እሱም መኪናው ሲታጠፍ የካሶኒውን ሆድ ነው የሚያሳይህ። ዞረህ በሌላ በኩል ለመምጣት አሥር ደቂቃ ቢፈጅም ዙር።

ነዳጅ አትስጥ፣ በፍሪሲዮን ብቻ ይሳብ። መኪናው ቆሞ መሪውን ማሽከርከርም ጎማ ይበላል፣ መሪውንም ያደክማል። ትንሽ እየተንቀሳቀሰ አዙረው።

የተሳቢው ነገር ለብቻው ነው። ከፊቱ ዘንግ ያለው ተሳቢ የሚታጠፈው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ አንዴ መንጠቆው ላይ፣ አንዴ የራሱ የፊት ጎማ ላይ። ትንሿ ስህተት ሁለት ሜትር ሳትሄድ ትልቅ ትሆናለች። ዘንጉ ሲጣመም ካየህ በመሪ ልታድነው አትታገል። ወደ ፊት ሳበው፣ ይቃናል፣ እንደገና ጀምር። ጠባብ ሰፈር ውስጥ ከሆነ ደግሞ ተሳቢውን ሰፊ ቦታ ላይ ፍታውና ዋናውን ብቻ ይዘህ ግባ። የድሮ ሹፌሮች እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ ማንም አይስቅባቸውም።

ቁልቁለት ከጀመሩ በኋላ ማርሽ መፈለግ

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ደባርቅን ስታልፍ ሊማሊሞ ይጠብቅሃል። ጣሊያን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው ጠመዝማዛ ነው። እዚያ የሚያስቸግርህ ስፋቱ ብቻ አይደለም፣ ርዝመቱም ጭምር ነው። ፍሬን ለረጅም ጊዜ ተረግጦ ሲቆይ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። የተቃጠለ ሽታ ጋቢና ውስጥ ከገባ ዘግይተሃል ማለት ነው፤ ገና ሲይዝልህ ጥግ ፈልገህ ቁም፣ ይቀዝቅዝ። ውኃ አትድፋበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ከባዱን ማርሽ አፋፉ ላይ ሳለህ ያዝ። ጭነቱ እየገፋህ ማርሽ ለመቀነስ ስትሞክር አልገባ ሊልህ ይችላል፣ ያኔ ዜሮ ላይ፣ ያለ ማርሽ ቀረህ። ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሰው አይቻለሁ። ስለሱ የምናገረው የለኝም። የሞተር ፍሬኑን ተጠቀም፣ የእግሩን ነካ ለቀቅ አድርገው። ኩርባው ሳይደርስ ክላክስ ንፋ፣ ከታች ለሚመጣው ቦታ ልቀቅ፣ ዳገት ላይ የቆመ ጭነት መኪና መነሣት ይቸግረዋል።

አፈሩን ማመን

ክረምት ላይ ደንቢያ በኩል ስትሄድ ለመተላለፍ ብለህ ከመንገድ አትውጣ። መረሬ (ጥቁር አፈር) ላይ ያለው ሣር ያማልላል፣ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። ጎማው አንዴ ከሰመጠ ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ወደ ታች ይቆፍራል። መጀመሪያ ያገኘኸው ሰፊ ቦታ ላይ ቆመህ ሌላው እስኪያልፍ ጠብቅ።

ቀኑን አለማወቅ

ቅዳሜ ገበያ በቅዳሜ ቀን ጭነት መኪና ይዞ መግባት ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል። አህያው፣ ጋሪው፣ መሬት ላይ የተዘረጋው በርበሬ። ንጋት ላይ አራግፈህ ውጣ፣ ካልሆነም ለሰኞ ተቀጠር። ሌላው ከተራ ነው። ጥር 10 ከሰዓት ጀምሮ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ የሰው ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት እስኪገባ፣ እስከ ጥር 12፣ መሀል ከተማው አይላወስም። አንድ ጓደኛዬ «ቶሎ ጥዬ እወጣለሁ» ብሎ በከተራ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ገባ። ሦስት ቀን ጋቢና ውስጥ አደረ። ጥምቀትንማ አሳምሮ አከበረ፣ የጫነው ግን ቲማቲም ነበር።