ቀለህ የሚነክስ የ1911 ሽጉጥ፦ መስኮቱን ከመሞረድዎ በፊት

ይህ ማስታወሻ የሚመለከተው ጆን ብራውኒንግ ነድፎት የአሜሪካ ጦር በ1911 እ.ኤ.አ. የታጠቀውን ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ ነው። ጽዳቱ፣ ዘይቱና የካዝናው ከንፈር (ጥይቱን የሚይዘው የላይኛው ጠርዙ) አስቀድሞ እንደታየ እቆጥራለሁ።

ምልክቱ የታወቀ ነው፦ የተተኮሰው ቀለህ ተወርውሮ በመውጣት ፈንታ በስላይዱ (ከሽጉጡ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት በሚንሸራተተው ብረት) መስኮት፣ ማለትም ቀለሁ በሚወጣበት ክፍተት ላይ ቀጥ ብሎ ተነክሶ ይቀራል፤ ወይም አንዱ ወደ ቀኝ ሲበር ሌላው የተኳሹን ግንባር ይመታል። ባለቤቱም ወዲያው የመስኮቱን ጥበት ይከሳል። እርግጥ ነው፣ በጥንቱ ስላይድ ላይ የመስኮቱ የታችኛው ከንፈር ከፍ ያለ ስለሆነ ቀለሁ ሲወጣ እየተጋጨ አፉ ይጎደጉዳል፤ ቀለህ ሰብስበው እንደገና የሚሞሉ የውድድር ተኳሾች ከንፈሩን ዝቅ ማስደረግ፣ የኋላ ጠርዙንም ማስከፈት የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያው ጠባብ መስኮት ጦሩን ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል። የተጎደጎደ ቀለህ የመስኮቱ ጉዳይ ነው፤ ተነክሶ የቀረ ቀለህ ግን በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ የቀለህ ሳቢው፣ ማለትም ቀለሁን ከበርሜሉ ጎትቶ የሚያወጣው ብረት ጥፋት ሆኖ ተገኝቷል።

የዚህ ሽጉጥ ቀለህ ሳቢ የራሱ ሞላ የለውም፤ ረጅሙ ብረት ራሱ እንደ ሞላ ጎብጦ ቀለሁን በጥፍሩ ይይዛል። ጉብጠቱ ሲላላ ቀለሁ ወርዋሪው (ቀለሁን መትቶ በመስኮቱ የሚያስወጣው ብረት) ጋ ሳይደርስ ያዘነብላል። ለመፈተሽ ሽጉጡን ባዶ ማድረግዎን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፣ ስላይዱን ይፍቱ፣ ባሩድና ካፕሱል የሌለው የልምምድ ጥይት ከጥፍሩ ሥር አስገብተው ስላይዱን በቀስታ ይነቅንቁ። ጥይቱ ወዲያው ከወደቀ ሳቢው ልል ነው፤ ለማስገባት ትግል ከጠየቀ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ጥይት ማጉረስም ያስቸግረዋል። ልሉን አውጥተው በጥቂት በጥቂቱ ያጉብጡ፣ በየመሃሉም ይፈትሹ። የሞላ ብረት ያልሆነ ርካሽ ሳቢ ከሆነ አይድከሙ፤ ዛሬ ቢጎብጥ ነገ ይላላል ወይም ይሰበራል፣ ይጣሉት።

አንድ ወጣት መስኮቱን በእጅ ሞረድ እንደ አይጥ ጥርስ ቦጫጭቆ አመጣልኝ። ቀለሁ አሁንም ይነከስ ነበር። ሳቢውን አጎበጥኩለት፤ ሥራው ከአንድ ሲኒ ቡና የበለጠ ጊዜ አልወሰደም። የተሞረደው ብረት ግን አይመለስም።

ሳቢውን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ነው። ጥይት በእጅ ከበርሜሉ ውስጥ ጨምረው ስላይዱን አይልቀቁበት። የዚህ ሽጉጥ ጥይት ከካዝና ሲወጣ ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ ከጥፍሩ ሥር ይገባል እንጂ ጥፍሩ በግድ እንዲዘልለው አልተሠራም። ደግሜ እላለሁ፦ አይልቀቁበት።

ሳቢው ጥሩ ሆኖ ቀለሁ አቅጣጫ የሚቀያይር ከሆነ፣ ከኋላ የሚይዘው ትንሹ ሳህን ልል ስለሆነ ሳቢው በቦታው ይሽከረከራል፤ በልኩ የተገጠመ ሳህን ያስፈልገዋል። የወርዋሪው መነቃነቅ ወይም መሰበር አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ባለ 5 ኢንች በርሜሉ የተለመደው የመመለሻ ሞላ 16 ፓውንድ ነው፤ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ጥይት ከዚያ የጠነከረ ማስገባት የስላይዱን የኋላ ጉዞ ያሳጥረዋል።

መስኮቱን ማስፋት የሚገባው ቀለህ ለሚሰበስብ ወይም ከመስኮቱ በላይ የሚያልፍ የማነጣጠሪያ መነጽር በሽጉጡ ላይ ለገጠመ ሰው ነው፤ ያም በፍሬዛ ማሽን እንጂ በሞረድ አይሠራም፣ የተገለጠውም ብረት ሳይዝግ ወዲያው ቀለም ይሰጠው።