ሆዳችሁን ቆርጦ ቆርጦ አልለቅ ካላችሁ እግራችሁን እዩ

የታይፎይዱንም የጨጓራውንም መድሀኒት ጨርሳችሁ ቁርጠቱ ያው ከሆነ፣ ሌላ ከመጀመራችሁ በፊት ሱሪያችሁን ሰብስቡና ቅልጥማችሁን እዩ፣ ቀልዴን አይደለም። ቫስኩላይተስ የደም ስር ግድግዳ ሲቆጣ ነው፣ አንጀት ላይ ከሆነ ሆድ ይቆርጣል (በተለይ ከበሉ በኋላ)፣ ያስመልሳል፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሊጠቁር ይችላል፣ እግር ላይ ደግሞ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል። አይጂኤ ቫስኩላይተስ የሚባለው፣ ድሮ ሄኖክ ሾንላይን የሚሉት፣ በብዛት ልጆችን ስለሚይዝ አዋቂ ላይ ቶሎ ትዝ አይልም፣ ሆዱ ደግሞ ከሽፍታው በቀናት ምናልባትም በሁለት ሳምንት ሊቀድም ይችላል፣ ጣጣው እዚህ ጋር ነው።

የአጎቴን ልጅ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ኦፕሬሽን ሊገባ ሲል እህቱ ካልሲውን ስታወልቅለት ላስቲኩ የያዘው ቦታ ዙሪያውን ጠቃጠቆ ሆኖ አገኘችው። እኔ ከሁለት ቀን በፊት አይቼው ሙቀት ነው ብዬ አልፌዋለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኛ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ አይታይም፣ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ወይ ቡኒ ነው፣ ስለዚህ በጣት ዳስሱት፣ ጎርበጥ ይላል። መቀመጫችሁንም ሰው ያይላችሁ። ብርጭቆ ጫን ስታረጉበት ካልጠፋ ፎቶ አንሱት፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ሊደበዝዝ ይችላል።

ሀኪሙ ጋር ስትገቡ ከሆዱ ጋር ሽፍታውን፣ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ህመሙን፣ ቅርብ ጊዜ ጉንፋን ይዟችሁ ከነበረም እሱን አንድ ላይ ተናገሩ፣ ለየብቻ ከተነገረ ማንም አያገናኘውም። አንድ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ ስለወጣ ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት አይደለም። በሽታው ኩላሊትንም ሊነካ ስለሚችል የሽንት ምርመራ ግድ ነው፣ ኩላሊት ባያማችሁም፣ ደምና ፕሮቲን እንዲታይ፤ ግፊትም ተለኩ። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) አብዛኛውን ጊዜ ኖርማል ነው የሚሆነው። ሄፓታይተስ ቢም ይታይ፣ ፖሊአርተራይተስ ኖዶሳ የሚባለው ሌላው ቫስኩላይተስ ከሱ ጋር ይያያዛል። የቆዳ ናሙና ከተባለ ከአዲሱ ነጠብጣብ ይወሰድ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትዋጡ፣ አንጀቱንም ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድም በራስ አይጀመርም፣ ኢንፌክሽን ካለ ያባብሳል። ሆድ እንደ እንጨት ከደረቀ ወይ ደም ካስመለሳችሁ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትሉ ድንገተኛ ሂዱ።

ስቴሮይዱ ቁርጠቱን ያስታግሳል እንጂ የኩላሊቱን ጉዳት ይከላከላል ተብሎ አይታመንበትም፣ ስለዚህ ሆዱ ከዳነ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ሽንት እየታየ ይቆያል። የአጎቴ ልጅ ሦስተኛው ወር ላይ "ድኛለሁ እኮ" ብሎ ሊያቆም ሲል እህቱ እየጎተተች ወሰደችው፣ ፕሮቲኑ የተገኘውም ያን ቀን ነው።