አሮጌ ወይስ አዲስ? ሁለት የሸራ ጀልባዎች እንዴት ይወዳደራሉ

ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው በአናፖሊስ በየዓመቱ በመጸው ወራት የሸራ ጀልባዎች ትርኢት ይካሄዳል። አዳዲሶቹን በአድናቆት ሲያይ የዋለ ሰው፣ በ1970ዎቹ የተሠሩት ባገለገለ መኪና ዋጋ እንደሚገኙ ሲሰማ ልቡ ለሁለት ይከፈላል። ማወዳደሩ ግን ቅደም ተከተል ከያዘ ያን ያህል አይከብድም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ለምን እንደሚፈልጓት ይወስኑ

ገዢ ሁሉ ውቅያኖስ እሻገራለሁ ይላል። አብዛኛው ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ ይመለሳል፤ ይህም ምንም ነውር የለበትም። ለማይሻገሩት ውቅያኖስ ሲባል በአሮጌ ጀልባ ጠባብና ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓመታት መግፋት ግን ከንቱ ድካም ነው።

2. ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ

ጠቅላላ ርዝመት ብቻውን ያታልላል። ከሻጩ የውሃ መስመሯን፣ ማለትም ውሃው ላይ ስትቆም ውሃውን የሚነካው ርዝመቷን፣ እንዲሁም ስፋቷንና ክብደቷን ይጠይቁ። በ1971 የወጣችውን የእንግሊዝ ኮንቴሳ 32 እና የዘመናችንን የጀርመን ሃንሰ 315 እንውሰድ። በጠቅላላ ርዝመት እምብዛም አይለያዩም። የኮንቴሳ አፍንጫና ጅራት ግን ከውሃው በላይ ስለሚንጠለጠሉ የውሃ መስመሯ 7.3 ሜትር ብቻ ነው፤ የሃንሰ 8.7 ሜትር ይደርሳል። የውሃ መስመሩን ስኩዌር ሩት በ2.43 ሲያባዙ የጀልባዋን የተለመደ የፍጥነት ጣሪያ በኖት፣ ማለትም በሰዓት በሚጓዙት የባሕር ማይል፣ ያገኛሉ፤ ለመጀመሪያዋ 6.6፣ ለሁለተኛዋ 7.2 ያህል። በአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ልዩነቱ 14 የባሕር ማይል ገደማ ነው።

እስከዚህ አዲሷ ትመራለች። በነሐሴ 1979 ግን ከአየርላንድ በስተደቡብ ወዳለው ፋስትኔት አለት ሲወዳደሩ የነበሩ 303 ጀልባዎችን ብርቱ ማዕበል አግኝቷቸው 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከትንንሾቹ ጀልባዎች ምድብ ውድድሩን የጨረሰችው አሰንት የተባለች አንዲት ኮንቴሳ 32 ብቻ ነበረች። ከዚያ አደጋ በኋላ የመገልበጥ ዝንባሌን የሚገምት ቀላል ስሌት ተስፋፋ። ክብደቷን በቶን ለ1.025 ያካፍሉ፤ የውጤቱን ኪዩብ ሩት ያውጡ፤ ስፋቷን በሜትር ለዚህ ያካፍሉ። ከ2 በታች ከመጣ ለረጅም የባሕር ጉዞ ይመረጣል። ኮንቴሳ 1.8 ስታመጣ፣ ሰፋ ያለችው ሃንሰ 2ን በጥቂቱ ታልፋለች። ስሌቱ ኪሉን፣ ማለትም ከጀልባዋ ሆድ ወደ ውሃው የሚወርደውን ከባድ ክንፍ፣ ጥልቀቱንም ሆነ የክብደቱን ቦታ ስለማያይ ለመነሻ እንጂ ለፍርድ አይበቃም።

3. እንደ ዕድሜዋ ይመርምሯት

"የድሮዎቹ ጠንካራ ናቸው" የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ የፋይበርግላስ ሠሪዎች ቁሱን ገና ስላልለመዱት አወፍረው ነበር የሚሠሩት። የአሮጌ ጀልባ መከራ ያለው ከላይ ነው። የሚረገጠው ወለል ብዙ ጊዜ በሁለት የፋይበርግላስ ሽፋኖች መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለው፤ በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ ይበሰብሳል። በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ እያንኳኩ ይሂዱ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ብስባሽ ነው። ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ ይቀየራሉ፤ ደረሰኙን ይጠይቁ። ገመዶቹ ከጀልባዋ ጋር የሚታሰሩባቸውን ብረቶች በተለይ ይዩ፤ ዝገቱ ከዓይን ተሰውሮ ከወለሉ ስር ነው የሚበላቸው። ከውሃ በታች የሚታዩት ብጉሮች ግን ገዢን የሚያስደነግጡትን ያህል ጀልባ አያሰምጡም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማሉ።

በአዲሷ ዓይንዎን ወደ ታች ያውርዱ። ኪሏ በብሎን የተያዘ ነው፤ በብዙዎቹም ውስጥ ሆዷን የሚያጠነክረው መዋቅር በሙጫ የተጣበቀ ነው። ከመሬት ጋር የተጋጨች ጀልባ ይህ ማጣበቂያ በዝምታ ሊላቀቅባት ይችላል። በ2006 የተሠራችው ቺኪ ራፊኪ በ2014 አትላንቲክ ላይ ኪሏ ወልቆ አራት ሰዎች ጠፍተዋል። ስለዚህ "መሬት ነክታ ታውቃለች?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ግን ከኪሉ ዙሪያ ስንጥቅ ፈልገው ያረጋግጡ።

4. ለውድድር ከሆነ

አዲስነት የሚያዋጣው ገንዘብ ላለው ነው። በ1977 የወጣችው ጄ 24 ዛሬም ከእኩዮቿ ጋር ትወዳደራለች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሚለየው ነጂው ነው። የዘመኑን ርቀት ማየት ከፈለጉ፣ ከ1988 በፊት የተነደፉ ጀልባዎችን ብቻ በሚቀበለው የ2018ቱ ጎልደን ግሎብ ውድድር አሸናፊው ዓለምን ለመዞር 211 ቀናት ፈጅቶበታል፤ በዘመናዊ ጀልባዎች የተካሄደው የ2024ቱ ቫንዴ ግሎብ አሸናፊ ግን 64። ሁለቱም ብቻቸውን ሳያርፉ ነው የዞሩት።

5. ለመኖሪያ ከሆነ

እዚህ ላይ አልከራከርም፤ አዲሷን ይግዙ። ስፋቷ እስከ ኋላ ስለሚዘልቅ ክፍል፣ መስኮትና ቆሞ የሚታጠቡበት መታጠቢያ ይኖራታል። ማሪናዎች፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያ ወደቦች፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከፍሉት በርዝመት ስለሆነ ስፋቱን በነፃ ያገኙታል ማለት ይቻላል። አስቀድመው ማሪናው በጀልባ መኖር ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም።

6. ሳይከፍሉ በፊት

ሻጩ ያላመጣውን መርማሪ ባለሙያ ቀጥረው ጀልባዋን ከውሃ ያስወጡ። ከዚያ ሸራ፣ ገመድና ሞተር ለመቀየር የሚወጣውን በዋጋው ላይ ይደምሩ፤ በአሮጌዋ ድምሩ ከመግዣዋ ሊበልጥ ይችላል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ለአሮጌ ጀልባ የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ነፋስ ባለበት ቀን ይንዷት፤ ሞተሯም ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ ይዩ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ያዛውሩ።