ተዋጊውና መሣሪያው አልገጥም ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን የምናብ ጨዋታ ለመጫወት ስንሰበሰብ፣ የጨዋታው መሪ በመሆኔ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አቤቱታ «ዛሬ ዳይሱ እምቢ አለኝ» የሚል ነው። የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ችሎታና መሣሪያ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብዬ ስመለከት ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ተዋጊው ገጸ ባሕርይ የያዘው መሣሪያ ሌላ፣ የሠለጠነበት ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ። እዚህ የምጽፈው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ሕግ መሠረት ነው።

ዊዛርዱ (አስማተኛው) ሰይፍ አንሥቶ ምቱ ሁሉ ይስታል

መንስኤው፦ ሕጉ መሣሪያዎችን በሁለት ይመድባል። ጩቤ፣ ጦር፣ ዱላና ወንጭፍ አብዛኛው ሰው ሊይዛቸው የሚችላቸው ተራ መሣሪያዎች ሲሆኑ፣ ረጅም ሰይፍና ትልቅ መጥረቢያ ግን የጦረኛ ሥልጠና ይጠይቃሉ። ፋይተር (የጦር ባለሙያው) በሁለቱም ምድብ ሠልጥኗል፤ ዊዛርድ ግን የሠለጠነው ጩቤን፣ ወንጭፍንና እኛ ሽመል የምንለውን ረጅም በትር ጨምሮ በጥቂቶቹ ብቻ ነው። ያልሠለጠኑበትን መሣሪያ ማንሣት ክልክል ስላልሆነ ስሕተቱ በቀላሉ አይታይም፤ የሚታጣው በዳይሱ ላይ የሚደመረው የሥልጠና ቁጥር ሲሆን፣ እርሱም በ1ኛ ደረጃ 2 ነው።

በጠረጴዛችን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጉልበቱ 10፣ ቅልጥፍናው 14 የሆነ ዊዛርድ፣ ፋይተሩ ሲወድቅ ሰይፉን አነሣ። የጠላቱ የመከላከያ ቁጥር 13 ነበር፤ ለመምታት የዳይሱና የጭማሪው ድምር ቢያንስ ያን ያህል መሆን አለበት። ባለ 20 ገጹ ዳይስ 11 ወጣ፤ ሕጉ ለ10 ምንም፣ ለ14 ደግሞ 2 ስለሚደምር፣ ከጉልበቱም ከሥልጠናውም የሚደመር ስላልነበረ ሳተ። በወገቡ የታጠቀውን ጩቤ መዝዞ ቢሆን ኖሮ፣ ጩቤ በጉልበት ፈንታ በቅልጥፍና ሊሰነዘር ስለሚችል፣ ከቅልጥፍናው 2፣ ከሥልጠናው 2 ተደምሮ 15 ይሆንና ይመታ ነበር። ጉዳቱም አያንስም፤ በአንድ እጅ የተያዘው ሰይፍ በባለ 8 ገጽ ዳይስ በአማካይ 4.5 ሲያደርስ፣ ጩቤውም የባለ 4 ገጽ ዳይስ አማካይ በሆነው 2.5 ላይ የቅልጥፍናው 2 ሲታከል ያው 4.5 ነው። መፍትሄው ሰይፉን ትቶ ወደ ጩቤው መመለስ ነው።

ሮጉ (ሸማቂው) ይመታል፣ የሸመቃ ጉዳቱ ግን አይደመርም

ብዙ ጊዜ የያዘው ረጅም ሰይፍ ነው። ሮግ በረጅም ሰይፍ የሠለጠነ በመሆኑ ተጫዋቹ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ የሸመቃ ምት፣ ማለትም ሮጉ ጠላቱን አዘናግቶ ሲመታ የሚጨመረው ጉዳት፣ የሚሠራው እንደ ጩቤ ለቅልጥፍና በሚመች ወይም በርቀት በሚያጠቃ መሣሪያ ብቻ ነው። በአጭር ሰይፍ ይተካው። ምድቡን አይቶ ከጎኑ የተጻፈውን የመሣሪያውን ባሕርይ ሳያነቡ ማለፍ፣ ለዓመታት በተጫወቱት ላይም የማየው ስሕተት ነው።

ባርባሪያኑ (በቁጣ የሚዋጋው) ተቆጥቶ ጉዳቱ አልጨመረም

ቀስት እየሳበ ነው። የቁጣው ጭማሪ በጉልበት ለሚሰነዘር የቅርብ ምት ብቻ ስለሆነ መጥረቢያውን ያንሣ፤ ከባድ ጥሩር ለብሶ ከሆነም ያውልቅ።

ሾተል ከመጽሐፉ የመሣሪያ ሠንጠረዥ ላይ የለም

ይህ የእኛው የአገራችን ጉዳይ ነውና ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠው ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው ለመድረስ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ «ጋሻው በመከላከያ ቁጥሩ ላይ የሚጨምረውን 2 አትቁጠርብኝ» ብሎ ሲከራከር እውነት አለው። ነገር ግን ይህ በየምቱ ከተፈቀደ፣ ጋሻ ከያዘ ጠላት ፊት ሌላ ሰይፍ የሚመርጥ አይኖርም። ስለዚህ ለፋይተር የጎራዴውን (በሕጉ ስሚታር የሚባለውን) ረድፍ አውሱት፦ ባለ 6 ገጽ ዳይስ፣ ለቅልጥፍና የሚመች፣ በሌላው እጅ ሁለተኛ መሣሪያ ለመያዝ የማይከብድ። ጋሻውን መዝለል ደግሞ በአንድ ውጊያ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀድለት፤ ይህ እኔ የጨመርሁት እንጂ የመጽሐፉ ሕግ አይደለም። ሾተል የሚፈልገው ሮግ ከሆነ በጎራዴ ስላልሠለጠነ ያው የዊዛርዱ ችግር ይደርስበታል፤ ለእርሱ የአጭር ሰይፉን ረድፍ ወስዳችሁ፣ ዳይሱና ባሕርዩ አንድ ስለሆነ፣ የመውጋቱን ጉዳት ብቻ ወደ መቁረጥ ለውጡለት። ውሳኔውን የመጀመሪያው ዳይስ ከመጣሉ በፊት በተጫዋቹ ወረቀት ላይ አስፍሩት።