በዋሽንግተን ግዛት የምርጫ ማስታወቂያ ከማሳተምዎ በፊት

በሲያትልና በዙሪያዋ የሚኖር ወገን ለከተማ ምክር ቤት ወይም ለትምህርት ቦርድ ሊወዳደር ሲነሳ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ገንዘብ ማሰባሰብና በራሪ ወረቀት ማሳተም ነው። በግዛቲቱ ሕግ ግን ለመወዳደር መወሰኑን በይፋ የተናገረ፣ ለዘመቻው ገንዘብ የተቀበለ ወይም ያወጣ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ እጩ ስለሚቆጠር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የምዝገባ ቅጹን (ሲ-1) እና የግል ሀብቱን የሚገልጸውን ቅጽ (ኤፍ-1) ፒዲሲ (Public Disclosure Commission) በሚል ምህጻረ ቃል ለሚታወቀው፣ የምርጫ ዘመቻ ገንዘብን ለሕዝብ ይፋ ለሚያደርገው የግዛቲቱ ኮሚሽን ማስገባት አለበት። ይህ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1972 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ በደነገገው ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ የሚቀርቡለትን ሰነዶች ማንም ሰው በኢንተርኔት ማየት ይችላል። አነስተኛ ገንዘብ ብቻ ለማንቀሳቀስ ያሰበ እጩ አጭሩን የሪፖርት አማራጭ መምረጥ ይችላል፤ ከምዝገባና መዝገብ ከመያዝ ግን ነፃ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው መዋጮው ነው። አንድ ሰው ከሃያ ወዳጆቹ ሰብስቦ በራሱ ስም ቼክ ቢጽፍ በእኛ ዘንድ እንደ ዕድር ያለ የመተጋገዝ ወግ ነው፤ በሕጉ ፊት ግን የእውነተኛውን ለጋሽ ማንነት መሸፈን ስለሆነ ክልክል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በየስሙ ይስጥ፤ ገንዘብ ያዡም የሰጪውን ስምና አድራሻ፣ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ሥራውንና አሠሪውን ገንዘቡን በተቀበለበት ሰዓት ይመዝግብ። ጣሪያም አለው፦ በ2024ቱ ምርጫ አንድ ግለሰብ ለአገረ ገዥነት እጩ እስከ 2,400 ዶላር፣ ለግዛቲቱ ምክር ቤት እጩ እስከ 1,200 ዶላር መስጠት ይችል ነበር፤ የማጣሪያውና የጠቅላላው ምርጫ ለየብቻ ይቆጠራሉ።

ዜግነትም ሆነ ግሪን ካርድ የሌለው ሰው፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድም ጭምር፣ በፌዴራል ሕግ ለየትኛውም ምርጫ ገንዘብ መስጠት አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ግን ድምፅ ባይሰጥም መለገስ ይፈቀድለታል፤ የሲያትል ነዋሪ ከሆነ ከተማዋ የምታድላቸውን እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ አራት የዴሞክራሲ ቫውቸሮች (ለእጩ ዘመቻ የሚሰጡ ኩፖኖች) ለሚደግፈው እጩ መስጠት ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን መብታቸውን ሳያውቁት መቅረቱ ያሳዝነኛል። ከግብር ነፃ የሆኑ ቤተ ክርስቲያኖችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ግን ከካዝናቸው ለእጩ መስጠት የለባቸውም።

ማስታወቂያው ላይ የከፋዩ ስምና አድራሻ ከሌላው ጽሑፍ ተለይቶ፣ መጠኑ ከ10 ነጥብ (ፖይንት) ባላነሰ ፊደል በመጀመሪያው ገጽ ይቀመጥ። ውድድሩ በፓርቲ ከሆነ እጩው የመረጠው ፓርቲ ይጠቀስ። የእጩው ፎቶግራፍ ካለበት ቢያንስ አንዱ ባለፉት አምስት ዓመታት የተነሳ መሆን አለበት፤ በመጠንም ከሌሎቹ የእጩው ፎቶግራፎች ማነስ የለበትም። በግቢ የሚተከል፣ ከአራት በስምንት ጫማ ያልበለጠ የእጩ ምልክት የከፋይ ስምና አድራሻ አያስፈልገውም። ከእጩው ጋር ሳይመካከር በራሱ ወጪ ትልቅ ማስታወቂያ የሚያወጣ ኮሚቴ ግን ማንም እጩ እንዳልፈቀደው መግለጽና ዋና ዋናዎቹን አምስት ለጋሾቹን መዘርዘር ግዴታው ነው።

ግዴታው ማስታወቂያ የሚሸጠውንም ይመለከታል። የኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት በ2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን 24.6 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው ስለሸጣቸው የምርጫ ማስታወቂያዎች የሚጠየቀውን መረጃ በአግባቡ ባለመስጠቱ፣ በ822 ጥሰቶች ነው። ማተሚያ ቤት ወይም የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ያለዎት ከሆነ የከፋዩን ስምና አድራሻ፣ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ዋጋውንና የተከፈለበትን መንገድ ይመዝግቡ፤ ማንም ሰው ለማየት ሲጠይቅም ያሳዩ።