የሊኑክስ ከርነል የፓኬት በፈር ማስተካከያ እንዴት ይፈተሻል?

ለሊኑክስ ከርነል የኔትወርክ ኮድ የሚላኩ ማስተካከያዎች ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው። አንድ ቼክ ይጨመራል፣ አንድ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፣ አበቃ። ግን ይህ ኮድ የሚያነበው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሩቅ የላከውን ባይት ስለሆነ አንዲት የተሳሳተች መስመር ማሽኑን ልትጥል ወይም ለጥቃት በር ልትከፍት ትችላለች። ስለዚህ የተለወጡትን መስመሮች ብቻ አይቶ ማለፍ አይበቃም። ሁለት ነገር እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልጋል፦ ፖይንተሩ አሁን ወዴት እንደሚያመለክት እና በፈሩ (ፓኬቱ የተቀመጠበት ሜሞሪ) አሁን በማን እጅ እንዳለ። የሲ ኮድ ማንበብ የለመደ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሊከተል ይችላል። የፈንክሽኖቹን ስም እንደሚነበቡት ጽፈናል፤ በኮዱ ውስጥ የታች ሰረዝ ባለበት እዚህ ጭረት አለ።

መጀመሪያ የበፈሩን ቅርጽ

ከርነሉ እያንዳንዱን ፓኬት የሚይዘው ኤስኬቢ በሚባል መዋቅር ነው። አራት ፖይንተሮች አሉት፦ ሄድ፣ ዳታ፣ ቴይል እና ኤንድ። ከሄድ እስከ ዳታ ያለው ባዶ ቦታ ከፊት ሄደር (እንደ አድራሻና ርዝመት ያለውን መረጃ የሚይዝ የፓኬቱ መጀመሪያ) ለመጨመር ነው፤ ከዳታ እስከ ቴይል የፓኬቱ ይዘት አለ፤ ከቴይል እስከ ኤንድ ደግሞ ትርፍ ቦታ ነው።

ችግሩ የፓኬቱ ይዘት ሁሉ እዚህ ላይኖር መቻሉ ነው። የተረፈው ፍራግ በሚባሉ ሌሎች የሜሞሪ ገጾች ላይ ይቀመጣል፤ ቁጥራቸው እንደተለመደው ከ17 አይበልጥም። ሌን የሚባለው መስክ የሚነግራችሁ ጠቅላላውን ርዝመት ነው፤ ዳታ-ሌን ደግሞ ውጭ፣ በፍራጎቹ ላይ ያለውን። በቀጥታ ሊነበብ የሚችለው፣ ቀጥተኛው ክፍል የምንለው፣ የሁለቱ ልዩነት ብቻ ነው። 1400 ባይት የሆነ ፓኬት በቀጥተኛው ክፍል 64 ባይት ብቻ ሊኖረው ይችላል። ኮዱ ሌንን አይቶ «ይበቃል» ብሎ 80ኛውን ባይት ከዳታ ፖይንተር ቆጥሮ ቢያነብ የሚያገኘው የፓኬቱን ይዘት አይደለም። ሌንን ብቻ የሚፈትሽ ቼክ የጨመረ ማስተካከያ ካያችሁ እዚያው ቁሙ።

ከሌን ላይ ቁጥር የሚቀንስ መስመር ካለም ተጠንቀቁ። መስኩ ምልክት የሌለው ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው፤ 2 ባይት ብቻ ካለው ፓኬት 4 ሲቀነስ ውጤቱ 4294967294 ይሆናል። ቼኩ ከመቀነሱ በፊት መሆን አለበት።

የኮሚቱ መልእክት

ፓቹን (የተላከውን ማስተካከያ) ከመክፈታችሁ በፊት ማብራሪያውን አንብቡ። ስህተቱን ያመጣውን የቀድሞ ኮሚት (በጊት የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) የሚጠቁመው «ፊክስስ» መስመር ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር የያዘ መለያ እና የኮሚቱን ርዕስ ይይዛል። በጊት ሾው ክፈቱትና ከዚያ ኮሚት በፊት የነበረውን ኮድ እዩ። ስህተቱ ያኔም ከነበረ መስመሩ የተሳሳተ ኮሚት ነው የጠቆመው፤ ማስተካከያው ለቆዩት የተረጋጉ ከርነሎች ሳይደርስ ሊቀር ነው ማለት ነው።

የካሳን (የከርነሉ የሜሞሪ ስህተት መርማሪ) ሪፖርት ከተያያዘ ሦስት የጥሪ ሰንሰለቶችን ፈልጉ፦ ሜሞሪው የት እንደተነካ፣ የት እንደተመደበ፣ የት እንደተለቀቀ። የጸሐፊው ማብራሪያ ከሦስቱም ጋር መግጠም አለበት። «ካሳን ስህተት አሳየ፣ ይህን ቼክ ስጨምር ጠፋ» የሚል መልእክት ምልክቱን እንጂ መንስኤውን አልነገረንም።

ፖይንተሩን መከተል

ብዙ ሰዓት የሚወስደውና የሚገባው እዚህ ነው። አንድ ፈንክሽን ገና ሲጀምር የአይፒ ሄደሩን አድራሻ በተለዋዋጭ ይይዛል። ቀጥሎ ከአይፒው ኋላ ያለው የዩዲፒ ሄደር 8 ባይት መኖሩን ለማረጋገጥ፣ የተጠየቀው ባይት በቀጥተኛው ክፍል እንዲገኝ የሚያደርገውን ፒኤስኬቢ-ሜይ-ፑልን ይጠራል። ከዚያ ቀድሞ በያዘው አድራሻ የላኪውን አይፒ ያነባል። ትክክል ይመስላል፤ ለዓመታትም ያለ ችግር ይሠራል። የሚፈለገው ባይት በቀጥተኛው ክፍል ካለ ፒኤስኬቢ-ሜይ-ፑል ምንም ሳይነካ ይመለሳልና።

አንድ ቀን ግን ይዘቱ ፍራግ ላይ ያለ፣ ቀጥተኛው ክፍልም ትርፍ ቦታ የሌለው ፓኬት ይመጣል። ያኔ ፒኤስኬቢ-ሜይ-ፑል አዲስ ሜሞሪ ይመድባል፣ ይዘቱን ይገለብጣል፣ አሮጌውን ይለቃል። በተለዋዋጩ የተያዘው አድራሻ አሁን የተለቀቀ ሜሞሪ ላይ ነው ያለው። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ከጥሪው በኋላ አድራሻውን እንደገና መውሰድ።

ገምጋሚው ግን ከዚህ ራቅ ብሎ ማየት አለበት። ከጥሪው በላይ የተያዙ ፖይንተሮችን ሁሉ ቁጠሩ። ከዚያ ፈንክሽኑን የሚጠሩትን ክፈቱ፤ እነሱም ሄደሩን ይዘው ሊሆን ይችላል፣ ፓቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። በፈሩን ሊያዛውሩ የሚችሉ ሌሎችም አሉ፦ ፒኤስኬቢ-ኤክስፓንድ-ሄድ፣ ኤስኬቢ-ካው-ሄድ፣ ኤስኬቢ-ሊኒያራይዝ፣ አንዳንዴ ፒኤስኬቢ-ትሪምም ጭምር።

ቁጥሩንም አስሉ። ፒኤስኬቢ-ሜይ-ፑል የሚቆጥረው ከዳታ ፖይንተር ጀምሮ ነው። ዳታ አይፒ ሄደር ላይ ሳለ 8 ብቻ መጠየቅ ስለ ዩዲፒ ምንም አያረጋግጥም። የአይፒ ሄደር ደግሞ ሁልጊዜ 20 ባይት አይደለም፤ የርዝመት መስኩ ከ5 እስከ 15 ሆኖ በ4 ሲባዛ እስከ 60 ይደርሳል። ትክክለኛው አካሄድ በቅድሚያ 20 ባይት ማረጋገጥ፣ ርዝመቱን ማንበብ፣ ከ5 ያነሰውን መጣል፣ ለሙሉው ሄደርና ለ8ቱ ባይት እንደገና መጠየቅ፣ ከዚያ ፖይንተሩን ማደስ ነው።

በፈሩ የማን ነው?

ወረቀት ያዙና ለእያንዳንዱ የፈንክሽኑ መውጫ አንድ መስመር ጻፉ፦ እዚህ ሲደርስ በፈሩን ማን ይለቃል? ማንም ካልለቀቀ ሜሞሪ ያፈሳል፤ ሁለት ከለቀቁት ደግሞ ከርነሉ ይበላሻል።

ወጥመዶቹ የታወቁ ናቸው። ኤስኬቢ-ፑት-ፓድቱ አጭር ፓኬትን በዜሮ ይሞላል፤ ካልተሳካለት ግን በፈሩን ራሱ ይለቃል። ለጥንቃቄ ተብሎ ከሥሩ ኬፍሪ-ኤስኬቢ የጨመረ ፓች ሁለት ጊዜ አስለቀቀ ማለት ነው። በድራይቨር የመላኪያ ፈንክሽን ውስጥ «ቢዚ» ብሎ መመለስ «አልተቀበልኩትም፣ ያንተው ነው» ማለት ስለሆነ በፈሩን ለቅቆ ቢዚ መመለስ አይቻልም፤ ፓኬቱን የጣለ ድራይቨር በፈሩን ለቅቆ «ኦኬ» ነው የሚመልሰው። ሌላው፣ ፓኬቱን ለመላኪያው ዴቭ-ኪው-ኤክስሚት ወይም ለመቀበያው ኔትኢፍ-አርኤክስ ካስረከቡ በኋላ ለስታቲስቲክስ ብሎ ሌኑን ማንበብ ነው። በፈሩ በዚያች ቅጽበት ተለቅቆ ሊሆን ስለሚችል ርዝመቱ ከማስረከቡ በፊት መቀዳት አለበት።

ኬፍሪ-ኤስኬቢ ለተጣለ ፓኬት፣ ኮንሲውም-ኤስኬቢ በሰላም ለተጠናቀቀ ነው። ቢቀያየሩ ሜሞሪ አይበላሽም፤ የተጣለ ፓኬት የሚከታተለውን ሰው ግን ያሳስታሉ።

ኮዱ ወደ ፓኬቱ የሚጽፍ ከሆነ የጋራ መሆኑንም ጠይቁ። ክሎን የተደረጉ (መዋቅሩ ብቻ የተባዛ) ኤስኬቢዎች አንድ ይዘት ይጋራሉ። ፓኬቶችን የሚያሳየው ቲሲፒደምፕ ሲበራ ብቻ ብቅ የሚል ስህተት ሲያጋጥም የምንጠረጥረው ይህንን ነው። ከመጻፉ በፊት ለሄደር ብቻ ከሆነ ኤስኬቢ-ካው-ሄድ፣ ለይዘቱ ከሆነ ኤስኬቢ-ኤንሹር-ራይተብል መጠራት አለበት፤ ከእነሱ በኋላም ፖይንተሮቹ ይታደሳሉ።

ማስኬድ

ካሳን የበራበት ከርነል በቨርቹዋል ማሽን ላይ ገንቡ። አጠቃላይ ካሳን ከሜሞሪው አንድ ስምንተኛውን ለራሱ ስለሚይዝ ማሽኑን አታጥብቡት። ሁለት ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሁለት ኔትወርክ ኔምስፔስ (በአንድ ማሽን ውስጥ የተለያዩ ኔትወርኮች) በቪኢዝ ጥንድ፣ ማለትም በምናባዊ ኬብል፣ ማገናኘት ይበቃል። መጀመሪያ ፓቹ የሌለበትን ከርነል አስኬዱ። እዚያ ስህተቱን ማየት ካልቻላችሁ ፓቹ ካለበት በኋላ የሚታየው ዝምታ ምንም አያረጋግጥም።

ከዚያ ልክ የሚበቃውን፣ በ1 ባይት የሚያንሰውን፣ ባዶውን እና በፍራግ የተከፋፈለውን ፓኬት ላኩ። በኢዝቱል ትእዛዝ ጂአርኦን (የሚመጡ ፓኬቶችን አንድ ላይ የሚያዋህደውን አሠራር) አብርታችሁም አጥፍታችሁም ሞክሩ፤ የበፈሩ ቅርጽ በዚህ ይለዋወጣልና። የሚያፈስ ሜሞሪ ለመያዝ ኬሜምሊክ፣ ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ ለመያዝ ኬኤምሳን ይረዳሉ።

መልስ ስትጽፉ

ማስተካከያው ለ«ኔት» ቅርንጫፍ መላኩን እዩ፤ «ኔት-ኔክስት» ለአዲስ ሥራ ነው። ከማስተካከያው ጋር የስም ለውጥ ወይም ጽዳት ከተደባለቀ እንዲለይ ጠይቁ፤ ወደ ቆዩ ከርነሎች ሲወሰድ የሚጋጨው እሱ ነው። አስተያየታችሁን ከመስመሩ ሥር ጻፉ፦ «ቀጥተኛው ክፍል 20 ባይት ብቻ ቢሆን ይህ ፖይንተር ወዴት ያመለክታል?» የሚል ጥያቄ ጸሐፊው ወዲያው ሊሞክረው ይችላል። ሁለተኛው ቅጂ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ ይላካል፤ ሲመጣ ወረቀታችሁን አውጡና የመውጫዎቹን መስመሮች እንደገና ሂዱባቸው። አስኬዳችሁ ካያችሁ «ቴስትድ-ባይ»፣ እያንዳንዱን መንገድ ተከትላችሁ ከጨረሳችሁ «ሪቪውድ-ባይ» ስጡ። አንድ መውጫ እንኳ ካልገባችሁ የመስመሩን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጠይቁና ፊርማውን መልሱ እስኪመጣ አቆዩት።